ያውቁ ኖሯል? የዓለም እምብርት ዴልፊ!

የጥንት ግሪኮች የምድር መካከል የት እንደሆነ ለይተው እንዳመለከቱ ያውቁ ኖሯል? ዜውስ ሁለት ንስሮች አንዱን ከምሥራቅ ጫፍ፣ ሌላውን ከምዕራብ ጫፍ ለቀቀ፤ በረው በረው ፊት ለፊት የተገናኙት ከፓርናሶስ ተራራ ገደል ሥር፣ ዴልፊ ላይ ነው ይሉ ነበር። ቦታውንም በድንጋይ ምልክት አደረጉበት፤ ስሙን እምብርት አሉት! በመረብ ቅርጽ ያጌጠ አንድ እንዲህ ያለ ድንጋይ ዛሬም በዴልፊ ሙዚየም ቆሟል!

ዴልፊ ትልቅ ከተማ አልነበረችም። የሚያስፈራ ሠራዊትም አልነበራትም። ከባሕር ወለል 500 ሜትር ከፍ ብላ ቁልቁለት ላይ የተንጠለጠለች ትንሽ ስፍራ ናት። ነገር ግን ጦርነት ሊከፍት ያሰበ ንጉሥ፣ አዲስ ከተማ ሊቆረቁር የተነሣ መሪ፣ ልጅ ያጣ ባልና ሚስት፣ ሁሉም ያንን ዳገት ይወጡ ነበር! ከ1,000 ዓመት በላይ!

የሚጠይቁትስ ማንን ነው? አንዲት ሴትን! ሴት በአደባባይ ቃል በማትሰጥበት በዚያ ዘመን የአምላኩን የአፖሎን ቃል የምታሰማው ፒቲያ የምትባል ነቢይት ነበረች። የምትቀመጠውም በዙፋን ላይ አይደለም፤ ባለ ሦስት እግር የነሐስ ጎላ ላይ ነው!

ፒቲያ ቀድሞ ወጣት ድንግል ነበረች። አንድ የቴሳሊ ሰው በአንዷ ውበት ተማርኮ ጠልፏት ሄደ! ከዚያ ወዲህ ዴልፊዎች ዕድሜዋ ከ50 ያለፈ ሴት ብቻ እንድትመረጥ ደነገጉ። ልብሱ ግን አልተለወጠም። እናት የምትሆነው ሴት የልጃገረድ ቀሚስ ለብሳ ትተነብይ ነበር!

ጠያቂው ሲበዛ ሁለት ፒቲያዎች እየተፈራረቁ ይሠሩ ነበር፤ ሦስተኛዋ ተጠባባቂ!

አፖሎ በዓመት ሦስት ወር ከቤቱ አይገኝም እንደሚባል ያውቁ ኖሯል? ትንቢት የሚሰጠው በወር አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያውም በዘጠኙ ወር። በሦስቱ የብርድ ወራት አምላኩ ወደ ሰሜን ጫፍ ይሄዳል፤ ቤቱን ሌላው አምላክ ዲዮኒሶስ ይረከበዋል! በጥንቱ ጊዜማ የትንቢት ቀን በዓመት አንድ ብቻ ነበር፤ የአፖሎ የልደት ቀን!

ቀኑ ደረሰ ማለት ግን በሩ ተከፈተ ማለት አይደለም። ፈቃድ የምትሰጠው ፍየል ናት! ቀዝቃዛ ውሃ ይረጩባታል፤ ሁለመናዋ ከተንቀጠቀጠ አምላኩ ፈቅዷል። ዝም ካለች ሁሉም ወደመጣበት ይመለሳል!

አንድ ጊዜ ካህናቱ ከሩቅ አገር የመጡ መልእክተኞችን ላለማሳፈር ብለው አልንቀጠቀጥ ያለችውን ፍየል እስክትርድ ድረስ ውሃ አጥለቀለቋት። ፒቲያም ሳትወድ ገባች። ድምፅዋ ሻከረ፤ መናገር አቃታት፤ በመጨረሻ በአስፈሪ ጩኸት ወደ በሩ ሮጣ ወደቀች። ጠያቂዎቹም ካህናቱም ጥለው ሸሹ! ከጥቂት ቀናት በኋላ ሴትዮዋ ሞተች። ይህ አሳዛኝ ነገር እስከ ዛሬ የሚታወቀው ከዋናዎቹ የዴልፊ ካህናት አንዱ ታላቁ ጸሐፊ ፕሉታርክ ስለነበረ ነው!

ወረፋም ነበረ! ወረፋ ሳይጠብቁ የመግባት መብት ትልቅ ሽልማት ነበር። የኪዮስ ደሴት ሰዎች ትልቁን መሠዊያ አሠርተው ይህን መብት አገኙ፤ መብታቸውም በድንጋዩ ላይ ተቀረጸ። ዛሬም ይነበባል!

ታላቁ እስክንድር በዝግ ቀን መጣ ይባላል። ፒቲያ አልገባም አለች። እጇን ይዞ ሊጎትታት ሲል፣ አንተ ልጅስ አትቻልም አለችው። እስክንድርም ሌላ ትንቢት አያሻኝም ብሎ እጇን ለቀቀ!

የልድያው ንጉሥ ክሮይሶስ ደግሞ ነቢያትን ሁሉ ፈተና ላይ እንዳስቀመጣቸው ያውቁ ኖሯል? መልእክተኞቹን በየአቅጣጫው ላከ፤ በ100ኛው ቀን ንጉሡ ምን እያደረገ ነው ብላችሁ ጠይቁ አላቸው። በዚያ ቀን ክሮይሶስ የበግ ግልገልና ኤሊ ቆራርጦ በነሐስ ድስት፣ በነሐስ ክዳን ቀቀለ! ማን ይገምተዋል? ዴልፊ ግን ኤሊው ከበግ ሥጋ ጋር ሲበስል ይሸተኛል ብላ መለሰች ተብሎ ይተረካል!

ደስ ያለው ንጉሥ የላከው ስእለት አእምሮ ያዞራል! 117 የወርቅና የነጭ ወርቅ ጡቦች! በጡቦቹ ላይ የቆመ የጠራ ወርቅ አንበሳ፣ ክብደቱ 10 መክሊት፣ ወደ 260 ኪሎ! ከዚህ ሁሉ መካከል ደግሞ የወርቅ ሐውልት አለ። የማን? የዳቦ ጋጋሪዋ ሴት!

ከዚያ ዋናውን ጥያቄ ጠየቀ፤ ፋርስን ልውጋ? የድንበሩን ወንዝ ከተሻገርህ ታላቅ መንግሥት ታጠፋለህ ተባለ። ተሻገረ። ታላቅ መንግሥትም ጠፋ፤ የራሱ!

አቴንስ ደግሞ በ480 ከክርስቶስ ልደት በፊት በእንጨት ግንብ ትድናለች ተባለላት። የፋርስ ጦር እየገሰገሰ ነው፤ ከተማው ተጨነቀ! ግማሹ አክሮፖሊሱን በእንጨት አጠረ። የአቴንሱ መሪ ቴሚስቶክልስ ግን የእንጨት ግንብ ማለት መርከብ ነው አለ። ሕዝቡ በመርከብ ወጣ፤ በሳላሚስ ባሕር የፋርስ መርከቦች ድል ሆኑ! አክሮፖሊስን ያጠሩት ግን አልቀዋል። የዚያን ቀን የተናገረችው ፒቲያ ስሟ ሳይቀር ታውቋል፤ አርስቶኒኬ ትባላለች!

አፍሪካ ውስጥ የዴልፊ ትንቢት የቆረቆረው ከተማ እንዳለ ያውቁ ኖሯል? ባቶስ የሚባል የቴራ ደሴት ሰው መንተባተቡ እንዲለቀው ሊጠይቅ ሄደ። የተሰጠው መልስ ስለ አንደበቱ አልነበረም፤ ሊቢያ ሄደህ ከተማ መሥርት! ሰዎቹ ቸል ቢሉ ደሴቷ ላይ ለሰባት ዓመት ዝናብ ጠፋ፤ ከአንድ በቀር ዛፉ ሁሉ ደረቀ ይባላል። በመጨረሻ ሄዱ። ቄሬናን ቆረቆሩ፤ ተንተባታቢውም ንጉሥ ሆነ! የከተማዋ ፍርስራሽ ዛሬም በምሥራቅ ሊቢያ አለ።

የአፖሎ መቅደስ ታሪክ ራሱ ጉድ ነው! የመጀመሪያው ከሎሬል ቅጠል፣ ሁለተኛው ከንብ ሰምና ከላባ፣ ሦስተኛው ከነሐስ ተሠራ ብለው ያምኑ ነበር። የሰምና የላባ ቤተ መቅደስ!

የድንጋዩ መቅደስ በ548 ከክርስቶስ ልደት በፊት ተቃጠለ። መልሶ ለመሥራት መዋጮ ሲለመን ከግብፅ ምን መጣ መሰልዎ? ፈርዖን አማሲስ ለቆዳና ለቀለም ሥራ የሚያገለግል አሉም የተባለ ማዕድን 1,000 መክሊት ላከ። ወደ 26 ቶን!

የግንባታውን ሥራ የያዙት ከአቴንስ የተሰደዱ ባለጸጎች ነበሩ። ውሉ ተራ ድንጋይ ይላል፤ እነሱ ግን ፊቱን በፓሮስ እብነ በረድ አሠሩት! ፒቲያንም በገንዘብ አባበሏት ተብሎ ይታማል። ከዚያ በኋላ የስፓርታ ሰው በምንም ጉዳይ ቢመጣ መልሱ አንድ ሆነ፤ መጀመሪያ አቴንስን ነጻ አውጡ! ስፓርታዎችም ሄደው አወጡ!

ያም መቅደስ በ373 ከክርስቶስ ልደት በፊት በመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሰ። ሌላ ለመሥራት ከ40 ዓመት በላይ ፈጀ። ሒሳቡ ግን በድንጋይ ላይ ተጽፎ ቀርቷል! ጥቂት ሳንቲም የሰጡ ሰዎች ስም እንኳ ከነመጠኑ ተቀርጿል!

እዚህ ላይ ቆም ይበሉ፤ ያ መንቀጥቀጥ ያተረፈልንን ይስሙ! ከላይ የተናደው ቋጥኝ አንድ የነሐስ ሐውልት ቀበረ። የተቀበረ ነሐስ ደግሞ ለማቅለጥ አይመችም! በዚያ ዘመን ከቆሙት እጅግ ብዙ የነሐስ ሐውልቶች አብዛኞቹ ለሳንቲምና ለመሣሪያ ሲቀልጡ ይህ ከ2,200 ዓመት በላይ ጨለማ ውስጥ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1896 ወጣ፤ ሠረገላ ነጂው!

ቁመቱ 1.80 ሜትር ነው፤ ቆሞ የሚያይዎት ሰው ነው የሚመስለው! ዓይኖቹ በባለ ቀለም ድንጋይና በመስታወት የተሞሉ ናቸው። የዓይን ሽፋሽፍቶቹ አንድ በአንድ ከመዳብ ተሠርተዋል። በራሱ ላይ ያሰረው ጥብጣብ በብር ያጌጠ ነው። እግሮቹን ይዩ! የደም ሥራቸው እንኳ ይታያል፤ ነገር ግን በሠረገላው ሣጥን ተከልለው ስለነበር ማንም አያያቸውም ነበር! ማንም ለማያየው እግር ይህን ያህል መድከም! እኔ ከዴልፊ ሀብት ሁሉ አንድ ምረጥ ብባል ከወርቁ አንበሳ ይልቅ እነዚህን ሁለት እግሮች እመርጣለሁ።

የሰጠው ማን ነው? ፖሊዛሎስ፣ በሲሲሊ ደሴት የጌላ ገዢ! የሠረገላ ድሉን ለማስታወስ ነው ያቆመው። አራቱ ፈረሶች ግን ከጥቂት ቁርጥራጭ በቀር የሉም።

ይህ ሁሉ ሀብት በአንድ መንደር ሥር እንደተኛ ያውቁ ኖሯል? ካስትሪ የሚባል መንደር በቅዱሱ ስፍራ አናት ላይ ተሠርቶ ሰዎች ይኖሩበት ነበር! ፈረንሳዮች ለመቆፈር ፈቃድ ሲጠይቁ የግሪክ መንግሥት ነገሩን ከምን ጋር አያያዘው? ከዘቢብ ንግድ! ፈረንሳይ በግሪክ ዘቢብ ላይ የምትጥለው ቀረጥ በድርድሩ ውስጥ ገባ!

በመጨረሻ ተስማሙ። የፈረንሳይ ፓርላማ 500,000 ፍራንክ ፈቀደ። መንደሩ በሙሉ ተነሥቶ ትንሽ ራቅ ብሎ እንደገና ተሠራ፤ ዛሬ ጎብኚዎች የሚያድሩባት የዴልፊ ከተማ እርሷ ናት! ቁፋሮው እ.ኤ.አ. በ1892 ተጀመረ፤ አፈሩም በሐዲድ ላይ በሚሄዱ ትናንሽ ፉርጎዎች ይጋዝ ነበር!

መቅደሱ በግምጃ ቤቶች የተከበበ ነበር። እያንዳንዱ ከተማ ስእለቱን የሚያስቀምጥበት የራሱ ግምጃ ቤት! ሲፍኖስ የምትባል ትንሽ ደሴት የወርቅና የብር ማዕድን ነበራት፤ ከገቢዋ አሥራት እያወጣች ከሁሉ የሚያምረውን ግምጃ ቤት አሠራች። በኋላ አሥራቱን ብታስቀር ባሕር ገብቶ ማዕድኑን ዋጠው ይባላል!

አሁን ልብዎን ይያዙ! በዚያ የሲፍኖስ ግምጃ ቤት ምሥራቃዊ ግድግዳ፣ ከ2,500 ዓመት በፊት፣ የኢትዮጵያውያን ንጉሥ የተባለው ሜምኖን ከግሪኩ ጀግና ከአኪሊስ ጋር ሲዋጋ ተቀርጿል! አማልክቱ ተቀምጠው ይከራከራሉ፤ ግማሹ ለሜምኖን፣ ግማሹ ለአኪሊስ! ቅርጹ ዛሬም በሙዚየሙ አለ።

ሜምኖን በዴልፊ በሥዕልም ነበረ! ዝነኛው ሠዓሊ ፖሊግኖቶስ የክኒዶስ ሰዎች ባሠሩት አዳራሽ ሲሥለው ከጎኑ አንድ ኢትዮጵያዊ ልጅ አቆመለት። የዴልፊ ጥንታዊ ትናንሽ የብር ሳንቲሞችም አሉ፤ በአንዱ ፊት ጥቁር አፍሪካዊ፣ በሌላው ፊት ፍየል!

ገና ነው! ለዘመናችን ከደረሱት የጥንት ግሪክ ልቦለዶች ትልቁ ኢትዮጵያዊት ልዕልት ዴልፊ ላይ ስታድግ የሚተርክ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? የሄሊዮዶሮስ ኢትዮጲካ ይባላል። የንጉሥ ሂዳስፔስና የንግሥት ፐርሲና ልጅ ካሪክሊያ ነጭ ሆና ትወለዳለች፤ እናቷ ባሏ እንዳይጠረጥራት ፈርታ ሕፃኗን ትጥላለች። ልጅቱ ተሻግራ ተሻግራ በዴልፊ ካህን ቤት ታድጋለች፤ በዴልፊ በዓል ላይም ከአንድ ጎበዝ ጋር በአንድ እይታ ይዋደዳሉ! በመጨረሻ አገሯ ሜሮኤ ስትመለስ አባቷ ሳያውቃት ለመሥዋዕት ሊያቀርባት ይደርሳል! ግሪኮች ኢትዮጵያ ሲሉ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን አገር ሁሉ ማለታቸው ነበር።

የሐዋርያው ጳውሎስ ዘመን የሚቆጠርበት ዋና ማስረጃ የተገኘው በዚህ የአፖሎ ቤት ነው ብልዎ ያምናሉ? በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 ጳውሎስ በቆሮንቶስ በአገረ ገዢው በጋልዮስ ፊት ይቆማል። በዴልፊ የተገኙ የተሰባበሩ የድንጋይ ቁርጥራጮች ሲገጣጠሙ የቄሣር ቀላውዴዎስ ደብዳቤ ሆኑ፤ በውስጡም ጋልዮስ በስሙ ተጠርቷል! ጽሑፉ እ.ኤ.አ. የ52 አካባቢ ነው። ሊቃውንት የጳውሎስን ጉዞዎች ወደፊትና ወደኋላ የሚቆጥሩት ከዚህ ድንጋይ ተነሥተው ነው!

ከመቅደሱ በታች ያለው የድጋፍ ግንብ ደግሞ የነጻነት መዝገብ ነው! የግንቡ ድንጋዮች እየተጠማዘዙ የተጋጠሙ ናቸው፤ በላያቸው ላይ ደቃቅ ጽሑፍ ሞልቷል። ምን ይላል? ይህ ባሪያ፣ ያቺ ባሪያ ለአፖሎ ተሸጠች፤ ከእንግዲህ ነጻ ናት! ገንዘቡን የሚያመጣው ራሱ ባሪያው ነው፤ ገዢው አምላክ ስለሆነ ማንም መልሶ ሊይዘው አይችልም። በዴልፊ እንዲህ ያሉ ከ1,000 የሚበልጡ ጽሑፎች ተገኝተዋል፤ ስም ከነስሙ፣ ዋጋ ከነዋጋው! ሁሉም ግን ያን ቀን ወደፈለጉበት አልሄዱም። ጌታህ እስኪሞት አገልግለው የሚል ቃል የተጨመረባቸው አሉ፤ ያን ሲያነቡ ልብ ያዝናል።

ዴልፊ የኦሊምፒያ ተወዳዳሪ ነበረች! በየአራት ዓመቱ የፒቲያ ጨዋታዎች ይደረጉባት ነበር። የተጀመሩት ግን በሩጫ አይደለም፤ በሙዚቃ ነው! የአርጎሱ ሳካዳስ በዋሽንት ብቻ፣ ያለ አንዲት ቃል፣ አፖሎ በዴልፊ ይኖር የነበረውን ዘንዶ ሲገድል አሰምቶ አሸነፈ!

የአሸናፊው ሽልማት? ቅጠል! የሎሬል አክሊል!

በሩጫ ሜዳው ግድግዳ ላይ አንድ ሕግ ተቀርጿል፤ የወይን ጠጁን ከዚህ ማውጣት ክልክል ነው! ቅጣቱ 5 ድራክማ፤ ግማሹ ለጠቋሚው!

ሴቶችስ ሮጠዋል? እንዴታ! በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የትራሌስ ተወላጇ ትሪፎሳ በፒቲያ ጨዋታዎች የልጃገረዶችን ሩጫ አሸንፋለች። አባቷ ለሷና ለሁለት እኅቶቿ ያቆመው ድንጋይ ዴልፊ ላይ ተገኝቷል። ሦስቱም ሻምፒዮኖች!

በ86 ከክርስቶስ ልደት በፊት ደግሞ በጦርነት ምክንያት ውድድሩ ቀረ። የቴብሷ በገና ደርዳሪ ፖሊግኖታ ግን መጥታ ነበር። ዝም ብላ አልተመለሰችም፤ ሦስት ቀን ሙሉ ደረደረች! ከተማውም 500 ድራክማ ሸለማት።

ኔሮን ቄሣርም ተወዳድሮ አሸናፊ ተባለ፤ ማን ደፍሮ ይቀድመዋል! ሲሄድ ግን 500 የነሐስ ሐውልቶች ከዴልፊ ወሰደ!

የባሰው ዝርፊያ የመጣው ከጎረቤት ነው። በ356 ከክርስቶስ ልደት በፊት ፎኪሶች ስፍራውን ያዙ፤ ለአሥር ዓመት የአምላክን ሀብት እያቀለጡ ቅጥረኛ ወታደር ቀለቡበት። የክሮይሶስ ወርቅ በሙሉ የወታደር ደመወዝ ሆነ! የቀለጠው ከ10,000 መክሊት በላይ ተገምቷል።

ከዚያ በፊት በተደረገ ጦርነት የኪራን ከተማ የከበቡት ሰዎች መጠጥ ውሃውን በመርዛማ ሥር በከሉት ይባላል። ተከላካዮቹ ሆዳቸውን ይዘው ግንቡን ጥለው ሮጡ! የጦርነቱ ምክንያት? ወደ ዴልፊ የሚወጡ ምእመናን ላይ ቀረጥ ተጣለ ተብሎ!

የዴልፊ ወታደር ተራራዋ ነው! በ480 ፋርሶች ሊዘርፉ ሲመጡ ነጎድጓድ ወርዶ፣ ሁለት ቋጥኞች ተገንድሰው ፈጇቸው ይባላል። በ279 ከክርስቶስ ልደት በፊት ጋሎች ሲመጡም በረዶና ናዳ ጠበቃቸው። ተራራው ግን ወዳጅና ጠላት አይለይም፤ እ.ኤ.አ. በ1905 የወረደ ናዳ በአቴና መቅደስ ቆመው ከነበሩት 15 ዓምዶች 12ቱን ጣለ!

ወደ መቅደሱ ከሚያወጣው መንገድ ንጣፍ ሥርስ ምን ነበር? እ.ኤ.አ. በ1939 የተከፈተ ጉድጓድ ወርቅና የዝሆን ጥርስ አወጣ! የተቃጠሉ የአማልክት ሐውልቶች፣ ፊታቸው ከዝሆን ጥርስ፣ ፀጉራቸው ከወርቅ! ከነሱ ጋር ከሁለት ሜትር የሚበልጥ የብር በሬ! ምእመናን ለዘመናት በላዩ ሲራመዱ ማንም አላወቀም። ፎኪሶችም አላገኙት!

ስለ በሬ ካነሣን ክሌኦቢስና ቢቶን ይምጡ! እናታቸው ለሄራ በዓል ስትሄድ በሬዎቹ ዘገዩ። ሁለቱ ወንድማማቾች ራሳቸው ቀንበሩን ተሸክመው ጋሪዋን ስምንት ኪሎ ሜትር ጎተቱ! እናትም ለልጆቼ ከሁሉ የሚሻለውን ስጪልኝ ብላ ለመነች። ልጆቹ በመቅደሱ ውስጥ ተኙ፤ አልነቁም። የእብነ በረድ መንታ ሐውልቶቻቸው የሚባሉት ዛሬም በዴልፊ ሙዚየም ጎን ለጎን ቆመዋል።

ራስህን እወቅ የሚለው ቃል በዚህ መቅደስ ግድግዳ ላይ ተጽፎ እንደነበር ምናልባት ያውቃሉ። እስከ አፍጋኒስታን መሄዱንስ? እ.ኤ.አ. በ1966 በአይ ኻኑም ፍርስራሽ ውስጥ የዴልፊን ምክሮች የያዘ ድንጋይ ተገኘ፤ ክሌአርኮስ የሚባል ሰው ዴልፊ ላይ ገልብጦ ያመጣው! ርቀቱ ወደ 4,000 ኪሎ ሜትር!

ከምክሮቹ ጋር አንዲት የግሪክ ፊደል ብቻዋን ተሰቅላ ነበር። መጀመሪያ ከእንጨት፣ ቀጥሎ ከነሐስ፣ በኋላም ከወርቅ! ምን ማለት ናት? ፕሉታርክ ራሱ፣ የቤቱ ካህን ሆኖ፣ ስለዚህች አንዲት ፊደል ብቻ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጻፈ!

ከሶቅራጥስ የሚበልጥ ጠቢብ አለ ወይ ተብላ ፒቲያ ተጠየቀች፤ የለም አለች! ሶቅራጥስ ይህን ለማስተባበል ሲል ነው የአቴንስን ሰው ሁሉ በጥያቄ ያስጨነቀው!

ተረተኛው ኤዞፕ የሞተው ዴልፊ ላይ ነው ይባላል። በሻንጣው የመቅደስ ጽዋ ደብቀው ሌባ አሉት፤ ከገደል ጣሉት!

አርስቶትል የፒቲያ ጨዋታ አሸናፊዎችን መዝገብ ከዘመዱ ልጅ ጋር ስላዘጋጀ ዴልፊዎች ክብር ሰጥተው በድንጋይ ቀረጹለት። እስክንድር ሲሞት ግን ክብሩን ሰረዙ! የተሰበረው ድንጋይ ከጉድጓድ ውስጥ ተለቅሞ ወጣ።

ፒቲያ የምትናገረው በትነት ተመስጣ ነው ሲባል ኖረ። ፈረንሳዮች ቆፍረው የሚተነፍስ ስንጥቅ አላገኙም፤ ተረት ነው ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ የምድር ሳይንስ አጥኚዎች ሁለት የመሬት ስንጥቆች በመቅደሱ ሥር እንደሚተላለፉ፣ በምንጭ ውሃውም ኤቲሊን የተባለ ጣፋጭ ሽታ ያለው ጋዝ እንዳለ አሳወቁ! ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም።

ከዴልፊ በላይ፣ ከ1,300 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ኮሪክዮስ የሚባል ዋሻ አለ። ፋርሶች ሲመጡ ሕዝቡ የተሸሸገበት ነው። ቁፋሮው ምን አገኘ? ከ20,000 በላይ የበግና የፍየል የቁርጭምጭሚት አጥንት! ለጨዋታና ለዕጣ የሚጣል!

ታዋቂው ባለቅኔ ፒንዳር ዴልፊ ሲመጣ የሚቀመጥበት የብረት ወንበር በመቅደሱ ውስጥ እንደ ቅርስ ይጠበቅ ነበር! እንግሊዛዊው ባለቅኔ ባይረን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1809 መጥቶ ስሙን በጥንት ዓምድ ላይ ፈልፍሎ ሄደ!

ድንጋይ ዘፈነ ብልዎስ? እ.ኤ.አ. በ1893 በአቴናውያን ግምጃ ቤት ግድግዳ ላይ ለአፖሎ የተደረሱ መዝሙሮች ተገኙ፤ ከቃላቱ በላይ የዜማ ምልክት ተጽፎባቸዋል! የ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት ዜማ፣ ከነድምፁ! በማግስቱ ዓመት ፓሪስ ላይ ተዘመረ፤ ፈረንሳዊው ሙዚቀኛ ጋብርኤል ፎሬ አጃቢውን ጽፎለት። የተዘመረውስ በየትኛው ስብሰባ መሰልዎ? የዘመናዊው ኦሊምፒክ ኮሚቴ በተመሠረተበት!

ዴልፊን ለማየት ግሪክ መሄድ የግድ አይደለም! ግሪኮች በ479 ከክርስቶስ ልደት በፊት ፋርስን ፕላታያ ላይ ድል ሲያደርጉ ከምርኮው ነሐስ የተጠማዘዙ ሦስት እባቦች ያሉበት ዓምድ አቆሙ፤ በላዩም የወርቅ ጎላ ነበረ። የስፓርታው አዛዥ ፓውሳንያስ ድሉ የኔ ነው ብሎ አስጻፈ፤ ስፓርታዎች ፋቁበትና የ31 ከተሞችን ስም ጻፉ! ወርቁን ፎኪሶች አቀለጡት። ዓምዱን ቆስጠንጢኖስ ወደ ቁስጥንጥንያ ወሰደው። የእባቦቹ ራሶች ጠፍተዋል፤ የአንዱ ቁራጭ ብቻ በኢስታንቡል የአርኪዮሎጂ ሙዚየም አለ። ዓምዱ ግን በሱልጣን አሕመድ አደባባይ ቆሟል! በኢስታንቡል በኩል የሚያልፉ ከሆነ ጥቂት ሰዓት ካገኙ ሄደው ይዩት፤ መግቢያ አይከፈልበትም!